«ከአስር ስንት አለው?»፦ የሲልቨር ስፕሪንግን ሃይስኩሎች እንዴት እናወዳድር

ልጁ ስምንተኛ ክፍል የገባ ሐበሻ ወላጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዕረፍት የለውም። ከቅዳሴ በኋላም ሆነ ሠርግ ላይ፣ ፌንተን ስትሪት ቡና ሲጠጣም ወሬው አንድ ነው። «የት ልታስገቡት ነው?» ይባላል። ወዲያው ሌላው ይቀበልና «እዚያማ እንዳታስገቡት፣ ከአስር አራት ነው አሉ» ይላል።

ይህቺ «ከአስር አራት» ብዙ ጊዜ የምትመጣው ዚሎው ከሚባለው የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው። ቤት ስናይ የሠፈሩ ትምህርት ቤቶች ተዘርዝረው፣ ግሬት ስኩልስ የሚባለው ድርጅት የሰጣቸው ነጥብ አብሮ ይታያል። እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ አፓርታማ የመረጥኩት በዚያች ነጥብ ነው። ነጥቡ ትልቅ ነበር። ልጄ ግን ከባድ የሚባሉት ክፍሎች ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ነበረች። እሷን የሚመስሉት ልጆች ሌላ ኮሪደር ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛው ልጄ ሲደርስ ሰንጠረዦቹን ራሴ ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው።

የምናወዳድረው በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ ዳውንካውንቲ ኮንሶርሺየም የሚባሉትን አምስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። እነሱም ሞንጎመሪ ብሌር፣ አልበርት አንስታይን፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ፣ ኖርዝውድና ዊተን ናቸው። በነዚህ ሠፈሮች የሚኖር የስምንተኛ ክፍል ልጅ አምስቱን በምርጫው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የሠፈሩን ትምህርት ቤት አንደኛ ያደረገ ልጅ ቦታው አይነካበትም። ሌላ የመረጠ ደግሞ ክፍት ቦታ ካለ በዕጣ ይገባል። ከዚህ ውጪ በማመልከቻ ብቻ የሚገባባቸው ፕሮግራሞች አሉ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። የካውንቲው የትምህርት ዲስትሪክት በ2025 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው) ካውንቲውን በስድስት ክልል ከፍሎ ልዩ ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ የማደላደል ዕቅድ አቅርቧል። የታሰበው ከ2027 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነው። እዚህ የምገልጸው እስከዚያ ያለውን አሠራር ነው። ልጃችሁ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው በ2027 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ አፓርታማ ከመፈረማችሁ በፊት የዲስትሪክቱን አዲስ ካርታ እዩ።

መጀመሪያ መለኪያው

መረጃው ሁሉ ነጻ ነው። ሁለት ቦታ ብትሄዱ ይበቃችኋል። አንደኛው የሜሪላንድ «ሪፖርት ካርድ» ድረ ገጽ ነው። ለየትምህርት ቤቱ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ሁለተኛው ዲስትሪክቱ በየዓመቱ የሚያወጣው «ስኩልስ አት አ ግላንስ» ነው። የተማሪውን ብዛት፣ ዘሩን፣ ስንቱ እንግሊዝኛ በመማር ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ነጻ ወይም በቅናሽ ምሳ እንደሚበላ ይዘረዝራል። ኮከቡን እለፉት። እኛን የሚጠቅመን ከኮከቡ ሥር ያለው ዝርዝር ነው።

ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው። ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 1,000 ተማሪ አላቸው። «ሀ» ውስጥ 800ው ከተደላደለ ቤት የመጡ ናቸው፤ 200ው ነጻ ምሳ የሚበሉ። «ለ» ውስጥ ተገላቢጦሹ ነው። በ«ሀ» ከተደላደሉት 80 ከመቶ፣ ከነጻ ምሳዎቹ 30 ከመቶ ፈተናውን አለፉ። በ«ለ» ከተደላደሉት 85 ከመቶ፣ ከነጻ ምሳዎቹ 40 ከመቶ አለፉ። እንግዲህ «ለ» ለሀብታሙም ለድሃውም ልጅ ይሻላል ማለት ነው። ጠቅላላውን ስትደምሩ ግን «ሀ» 70 ከመቶ፣ «ለ» 49 ከመቶ ይሆናል። ሰው ሁሉ ወደ «ሀ» ይሮጣል፤ የቤት ኪራዩም አብሮ ይሮጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ ልጃችሁን የሚመስለው ረድፍ ነው። ሪፖርት ካርዱ ውጤቱን በዘር፣ በገቢና በቋንቋ ከፋፍሎ ያሳያል። የናንተን ረድፍ ይዛችሁ በአምስቱም ትምህርት ቤቶች አነጻጽሩት።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ችግር አለበት። ልጆቻችን የሚቆጠሩት «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ረድፍ ነው። እዚያው ረድፍ ውስጥ ቅድመ አያቶቹ እዚህ የተወለዱ ልጅ አለ፣ የካሜሩን ልጅ አለ፣ የሐኪም ልጅ አለ፣ ባለፈው ወር ከቦሌ የተነሳ ልጅ አለ። አማርኛ በካውንቲው ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዲስትሪክቱም ደብዳቤዎቹን ወደ አማርኛ ያስተረጉማል። የፈተና ውጤቱ ላይ ግን «ሐበሻ» የሚል ረድፍ የለም። ያለው አማራጭ ሦስት ረድፎችን ደራርቦ ማየት ነው፦ ጥቁር፣ ነጻ ምሳ፣ እንግሊዝኛ ተማሪ።

የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ረድፍ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ልጁ እንግሊዝኛውን ሲችል ውሎ አድሮ ከረድፉ ይወጣል። የሚቀሩት አዲስ የገቡትና የከበዳቸው ናቸው። እና ረድፉ መቼም ቢሆን ቆንጆ ቁጥር አያሳይም። ጎበዞቹን በየዓመቱ እያስመረቀ የሚያስወጣ ክፍል ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ስታዩት አትደንግጡ፤ ከሌላው ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ረድፍ ጋር ብቻ አወዳድሩት። ከአሥር ያነሱ ልጆች ያሉበት ረድፍ ደግሞ ኮከብ ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል፤ የልጆቹን ማንነት ላለማጋለጥ ነው።

የአልጀብራ አንድ ውጤትም ሰው ያሳስታል። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች አልጀብራን ሚድል ስኩል ውስጥ ጨርሰው ፈተናውንም እዚያው ወስደዋል። ሃይስኩሉ ላይ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው የቀሩት ልጆች ውጤት ነው። የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና ሁሉም የሚወስደው ስለሆነ ለማወዳደር እሱ ይሻላል።

የቀሩትን መለኪያዎች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ምረቃን ስታዩ የአራት ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመቱንም እዩ፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ አንድ ዓመት ቢጨምር ነውር የለውም። አዘውትሮ መቅረት የሚባለው ከትምህርት ቀኑ አንድ አሥረኛውን መቅረት ነው። በ180 ቀን ውስጥ 18 ቀን መሆኑ ነው። እኔ ከፈተና ውጤት ይልቅ ይህን ቁጥር አምናለሁ። ልጆች ሊሄዱበት የማይፈልጉት ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ይናገራል። ከዚያ ከባድ ኮርሶች፣ ማለትም ኤፒና አይቢ የሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች። መኖራቸውን ሳይሆን የናንተን ረድፍ ልጆች ስንቱን አስገቡ ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ መንገድ። ከትምህርት ቤቱ ከ2 ማይል በላይ የሚኖር የሃይስኩል ተማሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ያገኛል። የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦንም ለልጆች ነጻ ነው።

አምስቱ ትምህርት ቤቶች

ብሌር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከ3,000 በላይ ተማሪ አለው፤ በሜሪላንድ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ላቲኖውም፣ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ እስያዊውም አለ፤ አንዱም ከግማሽ አያልፍም። በ1985 የተጀመረ የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ማግኔት ፕሮግራም (ልጆች በማመልከቻ ተመርጠው የሚገቡበት) አለው። በመላ አገሪቱ ስሙ የሚጠራ ነው። በዓመት የሚቀበለው ግን 100 ገደማ ልጅ ነው። በአራቱም ክፍል 400 ቢሆኑ ከስምንት ተማሪ አንድ አካባቢ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ በአብዛኛው የብሌር ሠፈር ልጆች አይደሉም፤ ከካውንቲው ልዩ ልዩ ቦታ ተመርጠው የመጡ ናቸው። የብሌርን አማካይ ወደ ላይ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው።

«ልጄ ብሌር ገባ» ሲሏችሁ «የትኛው ብሌር?» ብላችሁ ብትጠይቁ አያስቀይምም። ማግኔት የገባ ልጅና በሠፈሩ የገባ ልጅ ጣሪያቸው አንድ ነው እንጂ ቀናቸው አንድ አይደለም። በመካከል የኮሙኒኬሽን አርትስ ፕሮግራም አለ፤ መጻፍና ሚዲያ ለሚወድ ልጅ ጥሩ ነው፤ በማመልከቻ ነው የሚገባው። ማግኔት ባይገባም ብሌር የማይሰጠው ኮርስ ጥቂት ነው። ደፋር ልጅ ይፈነጭበታል። ዝምተኛው ልጅ ግን ከ3,000 ሰው መሀል ማንም ሳያየው ሰኔ ሊደርስ ይችላል።

ዊተን ከ2,000 በላይ ተማሪ ያለው ነው፤ ከግማሽ በላዩ ላቲኖ ነው። ሕንጻው በ2016 የተከፈተ ነው። የምሕንድስናና የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች አሉት። ለሐኪምነት ወይም ለኢንጂነርነት የታሰበ ልጅ (የኛ ቤት ውስጥ ሌላ ሐሳብ መች ይፈቀዳል?) ሊያየው የሚገባ ነው። አጠገቡ ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት አለ። ከየትኛውም የካውንቲው ሃይስኩል የሚማር ልጅ ግማሽ ቀን እዚያ ሄዶ የመኪና ጥገና፣ ግንባታ፣ የጤና ሙያ ወይም የኮምፒውተር ኔትወርክ ይማራል። ሐበሻ ወላጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። እኛው ግን መኪናችን ሲበላሽ ጋራዥ ውስጥ የምንከፍለውን እናውቃለን።

አንስታይን ኬንሲንግተን ነው። አይቢ ዲፕሎማ አለው። ሥዕል ለሚስል ልጅ ደግሞ በማመልከቻ የሚገባበት የቪዥዋል አርት ማዕከል አለው። የተማሪው ስብጥር ከብሌር ጋር ይቀራረባል፣ ላቲኖው ግን ይበዛል። ብሌር ሰፋብኝ ለሚል ልጅ የመጀመሪያ መልሴ እሱ ነው።

ኬኔዲ ግሌንሞንት አካባቢ ነው፤ ከሜትሮ ባቡሩ የሬድ ላይን መጨረሻ ጣቢያ ሩቅ አይደለም። ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ ላቲኖ ናቸው፤ ነጻ ምሳ የሚበላውም ብዙ ነው። ጠቅላላ ውጤቱን ዝቅ የሚያደርገው ይህ ነው። እሱም አይቢ አለው። የአመራር ሥልጠና ፕሮግራሙ ደግሞ ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ መናገርና ከሰው ጋር መሥራት የሚለማመድበት ነው። ስለ ኬኔዲ በየቡናው የሚወራውን ልብ ብዬ ስሰማ፣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ልጆቹ ቤት ድህነት ነው። አብዛኞቻችን እዚህ አገር ስንመጣ የነበርንበትን ረሳነው መሰለኝ።

ኖርዝውድ በ1985 ተዘግቶ በ2004 እንደገና የተከፈተ ነው። ከግማሽ በላይ ላቲኖ። ሕንጻው እንደ አዲስ እየተሠራ ስለሆነ ተማሪዎቹ በ2024 ኦልድ ጆርጅታውን ሮድ ላይ ወዳለው የዉድዋርድ ሕንጻ ተዛውረዋል። ለሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ መንገዱ ረዘመ። ጥሩው ነገር የሞንጎመሪ ኮሌጅ ሚድል ኮሌጅ ፕሮግራሙ ነው። ልጁ ሃይስኩል ሲጨርስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪውንም ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ሦስት ልጅ ላለው ቤት ይህ ስንት ገንዘብ እንደሆነ እናንተው ደምሩት።

በዋይት ኦክ፣ በብሪግስ ቼኒና በበርተንስቪል የምትኖሩ ኮንሶርሺየማችሁ ሌላ ነው፤ ስፕሪንግብሩክ፣ ፔይንት ብራንችና ብሌክ። መለኪያው ግን ያው ነው።

ወደ ምዕራብ መሄድስ?

ቤቴስዳ ወይም ፖቶማክ ተከራይቶ ዊትማን ወይም ቸርችል ማስገባት የብዙ ሰው ሕልም ነው። እዚያ ነጻ ምሳ የሚበላ ልጅ ጥቂት ነው፤ አማካዩም ሰማይ ነው። ከላይ ያለው የ«ሀ» እና የ«ለ» ምሳሌ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያ የጥቁርና የነጻ ምሳ ረድፎችን እዩ፤ አንዳንዴ ረድፉ ራሱ ላይገኝ ይችላል፣ ልጆቹ ከአሥር ስለሚያንሱ። ከዚያ ኪራዩን አስሉ። በወር 800 ዶላር ብትጨምሩ በአራት ዓመት 38,400 ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ ልጁን ማስጠናት፣ ክረምት ፕሮግራም መላክ፣ ወይም እናትየው አንዱን የሌሊት ሥራ መተው ትችላለች። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። የዘመድ አድራሻ መጠቀም ግን አይምጣባችሁ፤ ሲደረስበት ልጁ በዓመቱ መሀል ከጓደኞቹ ይነቀላል።

በአንድ እይታ

| ትምህርት ቤት | ስፋት | የተማሪው ስብጥር | የሚለይበት | ልብ በሉ |
|---|---|---|---|---|
| ብሌር | ከ3,000 በላይ | የሚያመዝን ዘር የለም | የሳይንስ ማግኔት፣ ኮሙኒኬሽን አርትስ | አማካዩን ማግኔቱ ያነሳዋል |
| ዊተን | ከ2,000 በላይ | ከግማሽ በላይ ላቲኖ | ምሕንድስና፣ ባዮሜዲካል፣ ኤዲሰን በአጠገቡ | ፕሮግራሞቹን በጊዜ ማመልከት |
| አንስታይን | ከብሌር በጣም ያነሰ | ድብልቅ፣ ላቲኖ የሚበዛበት | አይቢ፣ ሥዕል | ለአይቢ የጽሑፍ ሥራው ብዙ ነው |
| ኬኔዲ | ከብሌር በጣም ያነሰ | ከግማሽ በላይ ላቲኖ፣ ነጻ ምሳ ብዙ | አይቢ፣ የአመራር ሥልጠና | ጠቅላላውን ሳይሆን ረድፉን እዩ |
| ኖርዝውድ | ከብሌር በጣም ያነሰ | ከግማሽ በላይ ላቲኖ | ሚድል ኮሌጅ | ለጊዜው ሕንጻው ሩቅ ነው |
| ዊትማን፣ ቸርችል | የተለያየ | ነጻ ምሳ ጥቂት | ከፍተኛ አማካይ | ኪራይ፤ ረድፉ ላይገኝ ይችላል |

ለማን የትኛው?

ሒሳብ ሲሰጡት ዓይኑ የሚበራ ልጅ ካላችሁ ብሌር ማግኔት አመልክቱ፤ ካልሆነ ዊተንን ሁለተኛ አድርጉ። ማግኔት አልገባም ማለት ብሌር መግባት አለበት ማለት አይደለም።

ገንዘብ ለሚያሳስበው ቤት ኖርዝውድ ሚድል ኮሌጅን አስቀድማለሁ። ያ ባይሳካም ከየትኛውም ሃይስኩል ሆኖ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይቻላል፣ የትምህርት ክፍያ ሳይከፈል። በዚሁ ላይ የነጻ ምሳውን ቅጽ ሙሉ። «የሰው እጅ አንጠብቅም» ብለው የማይሞሉ ብዙ አውቃለሁ። ቅጹ የሚያመጣው ግን ምሳ ብቻ አይደለም። አንድ የኤፒ ፈተና 100 ዶላር ገደማ ነው፤ ያ ይቀነሳል። የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) እና የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያም ሊነሳላችሁ ይችላል።

መጻፍ የሚችልና ሥራ የማይፈራ፣ ግን ትልቅ ግቢ የሚያስጨንቀው ልጅ አንስታይን ወይም ኬኔዲ አይቢ ይስማማዋል። ከሁለቱ ለቤታችሁ የሚቀርበውን ምረጡ። ጠዋት የሚያንቀላፋ ልጅ አይቢ አይጨርስም።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ በ15ና በ16 ዓመቱ የመጣ ልጅ ጉዳይ ለብቻው ነው። ለሱ የትምህርት ቤቱ ስም ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ የምትፈልጉት የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን የአምስት ዓመት ምረቃ ቁጥር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ እስከ 21 ዓመቱ በነጻ መማር ይችላል፣ ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ቢመድቡት አትበሳጩ። ከአገር ስትነሱ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕቱን ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ክሬዲት የሚቆጠርለት በዚያ ወረቀት ነው። ኋላ ከዚህ ሆኖ ሬከርድ ቢሮውን በስልክ መለመን ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ያስፈልገዋል፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ዓመት ላይ ካውንስለሩን ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅበት ይጠይቅ።

የምርጫው ቅጽ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው የሚሞላው። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቶቹ በራቸውን ለወላጅ የሚከፍቱበት ምሽት አለ። እኔ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ባለፈው ዓመት ኤፒ ወይም አይቢ ከወሰዱት ስንቱ ጥቁር፣ ስንቱ ነጻ ምሳ የሚበላ ነው? አንድ ካውንስለር ስንት ልጅ ይይዛል? ልጄ ሦስት ቀን ቢቀር ማን ይደውልልኛል? አንዱ ቦታ ስለ ሕንጻው ብዙ አወሩልኝ። ሌላው ቦታ አንዲት ሴትዮ ሦስተኛውን ጥያቄ ስትሰማ የራሷን ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ። ልጄ አሁን እዚያ ነው የሚማረው።

አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፣ ክፍያም የለውም። ልጁን ግን አታስተርጉሙት። የኔው አንድ ጊዜ «መምህሯ ጎበዝ ነው አለች» ብሎ ተርጉሞልኛል። ሴትዮዋ የተናገረችው ሙሉ አምስት ደቂቃ ነበር።